ራስጌው 30 ዲግሪ፣ አንገቱስ? የነርሶች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመረጥኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት የጨመረባቸውን ታካሚዎች የሚመለከቱ ናቸው።

የአልጋውን ራስጌ ምን ያህል ከፍ ላድርግ?

ብዙውን ጊዜ 30 ዲግሪ ይበቃል። ዓላማው ደም ከጭንቅላት በቀላሉ እንዲመለስ ነው። ታዲያ ራስጌው ተነስቶ አንገቱ ወደ ጎን ከተጣመመ ምን ዋጋ አለው? አንገት ቀጥ ይበል። የትንፋሽ ቱቦው ማሰሪያም እንዳይጠብቅ እዩት። የደም ግፊቱ ከወረደ ወይም የአከርካሪ ጉዳት ከተጠረጠረ ግን አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

የኩሺንግ ምልክቶች እስኪታዩ እየጠበቅኩ ነው። ልክ ነኝ?

በፍጹም! የላይኛው የደም ግፊት ሲወጣ፣ የልብ ምት ሲቀንስና አተነፋፈስ ሲዛባ፣ ማለትም የኩሺንግ ምልክቶች ሲታዩ፣ ነገሩ ረፍዷል። ቀድሞ የሚለወጠው ንቃተ ህሊና ነው። ጠዋት ስሙ ሲጠራ ዓይኑን ይገልጥ የነበረ ሰው ከሰዓት ካልተቆነጠጠ የማይነቃ ከሆነ፣ ሞኒተሩ ምንም ባይልም ሐኪም ጥሩ። የንቃት ደረጃ የሚለካበት የግላስጎው ነጥብ ከ15 ተነስቶ እስከ 3 ይወርዳል፤ በ2 ሲቀንስ ዝም አይባልም። ድምሩን ብቻ አትጻፉ፤ የዓይኑን፣ የንግግሩንና የእንቅስቃሴውን ለየብቻ መዝግቡ። የዓይን ብሌኖቹ እኩል መሆናቸውንና ለብርሃን መልስ መስጠታቸውንም እዩ። በርክክብ ሰዓት ደግሞ ወጪና ገቢ ነርስ አብረው ቢለኩ እመርጣለሁ። አንዱ 9 ያለውን ሌላው 11 ሲል ስንቴ ታይቷል!

ሰክሽን (አክታን በቱቦ መምጠጥ) በየሁለት ሰዓቱ ላድርግ?

በሰዓት ሳይሆን አክታ ሲኖር ነው። አስቀድሞ ኦክስጅን ይሰጥ፤ አንዱ ዙር ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አይለፍ። ሰክሽኑን፣ ማገላበጡንና ገላ ማጠቡን በአንዴ ጨርሶ መገላገል ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግፊቱ ግን በላይ በላዩ ይቆለላል። በመሃል ይረፍ።

ማኒቶሉ (የራስ ቅል ውስጥ ግፊትን የሚቀንሰው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ውስጥ ክሪስታል አየሁ።

ሲቀዘቅዝ ያጋጥማል። እንደዚያው አትስጡት። ሲሰጥም ፊልተር ባለው መስመር ይሁን። ሽንቱንም በየሰዓቱ ለኩ።

5% ግሉኮስ ብሰቅልለትስ?

ስኳሩ ካልወረደ በቀር አይሆንም። ግሉኮሱ ሲቃጠል የሚቀረው ውኃ የአንጎሉን እብጠት ያባብሳል።

(ከታካሚ ቤተሰብ) አባቴ ራሱን ስቷል። ባነጋግረው እጎዳዋለሁ?

አይጎዱትም። ረጋ ባለ ድምፅ ያውሩት፣ እጁን ይያዙት። ስለ ሕመሙ ክብደት መነጋገር ካለባችሁ ግን ከክፍሉ ውጡ።