ዐይን ያየውን ካሜራ ለምን አይደግመውም?

ጥያቄ፦ ተራራ፣ ሐይቅና ደን ባለበት ስፍራ መዘዋወር እጅግ ያስደስተኛል። ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ ሸለቆውን ቁልቁል ስመለከት በአድናቆት ፈዝዤ እቀራለሁ፤ በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶግራፍ ቤት ገብቼ ስከፍተው ግን ሰማዩ ነጥቶ፣ ተራራው አንሶ፣ ሁሉም ነገር ደብዝዞ አገኘዋለሁ። የተሻለ ካሜራ መግዛት ይኖርብኝ ይሆን? ፎቶግራፍ ለማንሳት ስጣደፍ ውበቱን ራሱን በቅጡ ሳላየው የምመለስ መስሎ መሰማቱም ያሳስበኛል።

መልስ፦ ስለ ግዢ ከማሰብዎ በፊት ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅምዎታል። ሸለቆውን ሲመለከቱ ዐይንዎ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ አይቀርም፤ ከጥላው ወደ ሰማዩ፣ ከሰማዩ ወደ ገደሉ እየተመላለሰ በደረሰበት ሁሉ ራሱን ከብርሃኑ ጋር ያስማማል፤ አእምሮዎም የተለቃቀመውን አገናኝቶ አንድ ሙሉ እይታ ያደርግልዎታል። ነፋሱና የውሃው ድምፅ፣ የወጡት ዳገት ድካም እንኳ ሳይቀር በዚያ ስሜት ውስጥ አለ። ካሜራው ግን ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበትና በአንድ የብርሃን መጠን መያዝ ስላለበት፣ ለጥላው ሲያደላ ሰማዩ ይነጣል፣ ለሰማዩ ሲያደላ ሸለቆው ይጠቁራል። ውድ ካሜራ ይህን ችግር ያቀልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ስለዚህ ዋናው ሥራ መምረጥ ነው። ያዩትን ሁሉ ለማስገባት ከመሞከር ይልቅ «እዚህ ቦታ ያስቆመኝ ምንድን ነው?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ፤ መልሱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ይሞክሩ። ያስቆመዎት እርስ በርስ የተደራረቡት ሸንተረሮች ከሆኑ፣ ሩቅ ያለው ከቅርቡ ይልቅ ሰማያዊ እየሆነ የሚሄደው በመካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን ነውና፣ ያንን የቀለም መሳሳት ብቻ በፍሬሙ ውስጥ አስቀርተው ሌላውን ይተዉት። ያስደነቀዎት የተራራው ግዝፈት ከሆነ ደግሞ፣ የአብዛኛው ስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ እይታ ያለው በመሆኑ ሩቁን እንደሚያሳንስ ልብ ይበሉ፤ ስልክዎ ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ካለው ይጠቀሙበት፣ ከሌለው መጠኑ የሚታወቅ ነገር፣ ለምሳሌ ከግርጌው የቆመ ዛፍ ወይም የሚሄድ ሰው፣ አብሮ እንዲታይ ያድርጉ።

ይህን የመምረጥ ጥበብ በግልጽ ከሚያሳዩት ፎቶግራፎች አንዱን አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1927 በአሜሪካ የዮሰሚቲ ሸለቆ፣ «ሃፍ ዶም» በተባለው ግዙፍ ዐለት ፊት ለፊት ቆሞ አንስቶታል። መጀመሪያ በቢጫ ማጣሪያ፣ ማለትም ሌንሱ ላይ በሚደረግ ባለቀለም መስታወት፣ አነሳ፤ ወዲያውም ሰማዩ ፈዝዞ እንደሚወጣና ዐለቱ በልቡ ያሳደረው ግርማ እንደሚጠፋ ተረዳ፤ በቀረችው የመጨረሻ የመስታወት ሰሌዳ (በፊልም ፋንታ ምስሉን በምትይዘው) ላይ ደግሞ ሰማያዊውን ብርሃን የሚያግድ ጠቆር ያለ ቀይ ማጣሪያ ተጠቅሞ ደገመው። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ በመሆኑም ሰማዩ ወደ ጥቁርነት አደላ፣ ዐለቱም ከጨለማው ውስጥ ጎልቶ ወጣ። አዳምስ ፎቶግራፉን ከማንሳቱ በፊት ፎቶግራፉ ምን መምሰል እንዳለበት በአእምሮው አይቶት ነበር፤ እርስዎም በስልክ ብቻ ሊለምዱት የሚችሉት ነገር ይህ ነው።

ከምርጫው ቀጥሎ የሚመጣው ብርሃን ነው፤ ለእኔ ከመሣሪያ ሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። እኩለ ቀን ላይ ጥላ ከእያንዳንዱ ነገር ሥር ስለሚሰበሰብ መሬቱ ዝርግ ሆኖ ይታያል። ማለዳና ጀምበር ዘቅዘቅ ስትል ግን ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ ጎርባጣውና ስርጉዱ ሁሉ በጥላ ይለያል፤ ብዙ አየር አቋርጦ ስለሚደርስም ሰማያዊው በመንገድ ተበትኖ ወርቃማውና ቀዩ ይቀራል። ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ለመመለስ አይቸኩሉ፤ በከባቢ አየር ላይኛ ክፍል ያለው ኦዞን ብርቱካናማውን ብርሃን ስለሚውጥ ሰማዩ ለጥቂት ጊዜ በቀን የማይታይ ጥልቅ ሰማያዊ ይለብሳል። በዚህ ጊዜ ብርሃኑ ስለሚያንስ ስልኩ እንዳይንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ ወይም ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ውበቱን ራሱን ሳላየው እመለሳለሁ የሚለው ሁለተኛው ስጋትዎ ተገቢ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፦ እንደደረሱ ስልኩን ኪስዎ ውስጥ ትተው ለጥቂት ጊዜ ቁጭ ይበሉ። ከዚያም ሩቁን ብቻ ሳይሆን እግርዎ ሥር ያለውንም ይመልከቱ። በሣር ጫፍ ላይ ያለች የጤዛ ጠብታ እንደ ሌንስ ስለምትሠራ፣ ጠጋ ብለው ቢያዩአት ከኋላዋ ያለውን ኮረብታና ሰማይ ገልብጣ ይዛ ያገኙአታል። ዊልሰን ቤንትሌይ የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1885 ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አገናኝቶ የበረዶ ቅንጣት ፎቶግራፍ ካነሳ በኋላ፣ በሕይወቱ ዘመን ከ5000 በላይ ቅንጣቶችን አንስቷል፤ ይህን ሁሉ የሠራውም እዚያው በኖረበት መንደር ነው። አድናቆት የግድ ሩቅ መንገድ አይጠይቅም ብዬ የማምነው እንዲህ ያለውን ሰው ሳስብ ነው።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፍን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ማስተካከል ተመልካችን ማታለል አይሆንም?

መልስ፦ የጨለመውን ጥላ ገለጥ ማድረግና የነጣውን ሰማይ መመለስ ዐይንዎ ወዳየው ነገር መቅረብ በመሆኑ ማታለል አይደለም። ያልነበረ ጨረቃ መጨመር ወይም የሌላ ቀን ደመና መለጠፍ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ለተመልካቹ በግልጽ ሊናገር ይገባል። በሁለቱ መካከል የሚያስቸግረው ቀለም ማድመቅ ነው፤ ዐይን ሲቆይ የደመቀውን ስለሚለምደው ሳይታወቀን እየጨመርን እንሄዳለን። ስለዚህ ያስተካከሉትን ፎቶግራፍ አሳድረው በማግስቱ ካልተነካው ጋር ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቱት፤ ሣሩ ወይም ሰማዩ እንግዳ ከሆነብዎት ቀለሙን መልሰው ይቀንሱት።