ብስክሌቱ፣ ባቡሩና ሬዲዮው

ጥያቄ፦ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ። ከቅኝ ግዛት በኋላ በእንግሊዝኛ በተጻፉ ሥራዎች ላይ ስንወያይ ቴክኖሎጂ ሁልጊዜ የገዢው የጭቆና መሣሪያ ተደርጎ ይቀርባል። የመመረቂያ ጽሑፌን በዚህ ሐሳብ ላይ ብመሠርት ያስኬደኛል? (አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳቡ ስሕተት ባይሆንም እዚያው ላይ ቢቆሙ ሥራዎቹን ያሳንሱባቸዋል። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት ጥያቄ መሣሪያው በማን እጅ ገባ፣ ያ ሰውስ ምን ሠራበት የሚለው ነው።

ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» ልብ ወለድ ውስጥ አባሜ የተባለች መንደር ሽማግሌዎችና ሰዎች ጥፋት እንደሚመጣባቸው ትንቢት ሰምተው በብስክሌት የመጣውን ነጭ ይገድላሉ፤ ብስክሌቱንም ሮጦ ጓደኞቹን እንዳይጠራ ሰግተው ከተቀደሰው ዛፋቸው ጋር ያስሩታል። ከጊዜ በኋላ ሦስት ነጮች መጥተው የታሰረውን ብስክሌት ያዩና ይመለሳሉ፤ ሳምንታት አልፈው በትልቁ የገበያ ቀን ገበያው ተከብቦ ሕዝቡ ያልቃል። የሽማግሌዎቹ ስጋት አልቀረም፤ ብስክሌቱ ከታሰረበት ሳይንቀሳቀስ ማስረጃ ሆኖባቸዋል። ትዕይንቱ ታሪካዊ መሠረት አለው፤ በ1905 በናይጄሪያ አሂያራ አካባቢ በብስክሌት ይጓዝ የነበረ አንድ ነጭ ሐኪም በመገደሉ የእንግሊዝ ጦር በነዋሪው ላይ የቅጣት ዘመቻ አካሂዶ ነበር። ብዙዎች ይህን ክፍል የመንደርተኞቹ አላዋቂነት ማሳያ አድርገው ቢያነቡትም፣ እኔ ግን ሽማግሌዎቹ ከዕቃው በስተጀርባ ያለውን ኃይል በትክክል ገምተው ነበር እላለሁ።

በናይጄሪያዊው ጸሐፌ ተውኔት ወሌ ሶይንካ «ዘ ላየን ኤንድ ዘ ጁዌል» ተውኔት ነገሩ ይገለበጣል፤ የመንደሩ አለቃ ባሮካ ጉቦ ሰጥቶ የባቡር ሐዲዱን ከግዛቱ ያርቃል፤ የመንደሩን ቆንጆ ሲዲን ሲያማልላት ግን ምስሏ የሚታተምበትን የቴምብር ማሽን ያሳያታል። እዚህ መሣሪያውን ለጥቅሙ የሚያውለው የአገሩ ሰው ነው።

ይበልጥ የሚቆጨኝ የሬዲዮ ድርሻ መዘንጋቱ ነው። በጃማይካዊቷ ዩና ማርሰን የተጀመረውና ቢቢሲ ከ1943 እስከ 1958 ያሰራጨው «ካሪቢያን ቮይስስ» ፕሮግራም፣ ገጣሚው ዴሪክ ዋልኮትንና ልብ ወለድ ደራሲው ሳም ሴልቨንን ጨምሮ በአገራቸው አሳታሚ እንደ ልብ ለማያገኙ ጸሐፊዎች መድረክ ሆኗል። ከካሪቢያን ደሴቶች የተላከው ጽሑፍ ለንደን ላይ ተመርጦ ይነበባል፤ ከዚያም በአየር ሞገድ ተመልሶ ጸሐፊው ወዳደገበት መንደር ይደርሳል። የመምረጥ ሥልጣኑ ለንደን መቅረቱ የዘመኑን ሚዛን ያሳያል፤ ይሁንና ለጆሮ የሚጻፍ ታሪክ ሰዎች በየቤታቸው ለሚነጋገሩበት እንግሊዝኛ በር መክፈቱ አልቀረም። ሴልቨን በ1956 ባወጣው «ዘ ሎንሊ ለንደነርስ» ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያቱ ብቻ ሳይሆኑ ተራኪው ራሱ በካሪቢያን ሰው አነጋገር ይተርካል፤ ለዚህ ድፍረት ሬዲዮው አስተዋጽኦ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ለጽሑፍዎ የምመርጥልዎትም ይህንኑ መንገድ ነው፤ ትንታኔ ከመጀመርዎ በፊት ግን ከሴልቨን ልብ ወለድ ጥቂት ገጾችን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ።