ከሁለት ያጣ ላለመሆን፦ በውኃ ምርምር መምህር መሆን ለምትፈልግ ተመራቂ

ውድ እህቴ፣

በውኃ ሀብት ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሽ እዚሁ ጎንደር እንዳለሽ፣ ወደፊት በዩኒቨርሲቲ እያስተማርሽ ውኃን ከጤናና ከኅብረተሰብ ጥናት ጋር አያይዘሽ መመራመር እንደምትሺ፣ ነገር ግን «ከሁለት ያጣ እሆን ይሆን?» የሚል ስጋት እንዳደረብሽ ጽፈሽልኛል።

ስጋትሽ መሠረት አለው። የዩኒቨርሲቲዎቻችን ቅጥር በትምህርት ክፍል የሚፈጸም ሲሆን፣ ማስታወቂያውም የሚፈለገውን ዲግሪ በስም ይጠቅሳል። በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ፣ ሥራዋ ከሁሉም የተሻለ አመልካች የዲግሪዋ ስም ከማስታወቂያው ጋር አልገጠመም ተብላ ስትወድቅ አይቻለሁ፤ ተከራክሬም አላዳንኳት፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪሽ ሃይድሮሎጂን (የውኃ ዑደት ጥናት) ወይም ሃይድሮሊክስን (የውኃ ፍሰት ምህንድስና) የመሰለ፣ ትምህርት ክፍሎች የሚያውቁት ስም ይኑረው። የሙያዎቹን ቅልቅል ለመመረቂያ ጽሑፍሽና ለአማካሪዎችሽ ምርጫ አቆይው፤ ዋናው አማካሪ ከምህንድስና፣ ተባባሪው ከኅብረተሰብ ጤና ወይም ከሶሺዮሎጂ ቢሆኑ መልካም ነው።

ርዕስ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። ለጎንደር ከተማ ውኃ የሚያቀርበውን የአንገረብን ግድብ ደለል መለካት የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ ደለሉ የሚመጣው ግን ከላይ ከታረሰው ተዳፋት ነው፤ ገበሬው እርከኑን ለምን እንደማይጠግን ለመረዳት ደግሞ የመሬት ይዞታውን፣ ልቅ ግጦሹንና የቤተሰቡን ጉልበት ማወቅ ያስፈልጋል። አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ስለሚፈስ፣ ከአፈሩ ጋር የሚታጠበው ንጥረ ነገር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሐይቁን ካስጨነቀው የእምቦጭ (የውኃ ላይ መጤ አረም) ጥያቄ ጋር ይገናኛል።

ከዚህም የቀረበ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንዲት እናት ከቦኖ የቀዳችውን ቢጫ ጀሪካን ጓዳ አስቀምጣ ለቀናት ትጠቀምበታለች። የዓለም ጤና ድርጅት ውኃው ለተጠቃሚ በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊ ግራም ቀሪ ክሎሪን (ውኃው ከታከመ በኋላ በውስጡ የሚቆይ ተሕዋስያን ገዳይ ክሎሪን) እንዲኖረው ይመክራል፤ ክሎሪኑ ግን በጀሪካኑ ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ከቤት የሚነካካው እጅና ጣሳም ብክለት ይጨምራል። ከቧንቧው ብቻ ናሙና የወሰደ ተመራማሪ «ንጹሕ ነው» ብሎ ይመለሳል። አንቺ ከጀሪካኑም ውሰጂ፣ ማን እንደሚቀዳና ማን እንደሚጨልፍ ጠይቂ፤ ያኔ መሐንዲሱም የጤና ባለሙያውም ለየብቻቸው የማያገኙትን ታገኛለሽ።

ለትምህርቱ አርባ ምንጭ፣ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች በውኃ ላይ የተቋቋሙ ተቋማት አሏቸው፤ ከውጭ ደግሞ በኔዘርላንድስ የሚገኘው አይ ኤች ኢ ዴልፍት የታወቀ የውኃ ትምህርት ተቋም ነው። ነፃ የትምህርት ዕድል ካልተገኘ አገር ውስጥ መጀመር አያሳንስሽም።

ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር ስትሠሪ የጽሑፉን ደራሲዎች ቅደም ተከተል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ተስማሙበት፤ ከሌክቸረርነት ወደ ረዳት ፕሮፌሰርነትና ከዚያም በላይ ስታመለክቺ የሕትመት ሥራሽ ይታያልና።

ደለልን ከመረጥሽ ግን ጊዜውን ጠብቂ። አብዛኛው ደለል የሚወርደው በክረምት ጥቂት ከባድ ዝናቦች ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው በሚዘጋበት ወቅት አንቺ ወንዝ ዳር መገኘት አለብሽ። ንድፈ ጥናትሽን እስከ ሚያዝያ አጸድቂ፤ በግንቦት የናሙና ጠርሙሶችሽንና የወንዙን ከፍታ በየዕለቱ የሚመዘግብ የአካባቢ ሰው አዘጋጂ።