ዘጠኝ ጉድለት በአንድ ገጽ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ 17 ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ የቪዲዮ ጌም ሙዚቃዎችን እንደ አዲስ ያቀናብራል። አንድ ዓመት ሙሉ የሠራውን ባሰማኝ ቁጥር «ቆንጆ ነው» እያልኩ አልፌዋለሁ። ባለፈው ወር የቴትሪስን ዜማ በክራር፣ በቤዝና በከበሮ ድምፅ ሠርቶ «እስቲ እውነቱን ንገሪኝ» አለኝ። ዘጠኝ ጉድለት በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አንብቦ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ የሚሠራውን አያሰማኝም። እኔ ሙዚቃ አልተማርኩም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከመዘመር ያለፈ እውቀት የለኝም። ምን ማለት ነበረብኝ? ሥራውንም የወረቀቱንም ፎቶ ልኬልዎታለሁ። ፈቃዱን ስጠይቀው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ላኪው» ብሎኛል።
እህቱ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ የወንድምሽን ሥራ ስድስት ጊዜ ሰማሁት፤ ያንቺን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከወረቀቱ ልጀምር፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

ከዘጠኙ ውስጥ አምስቱ አንድ ነገር ናቸው። «አሰልቺ ነው»፣ «ስሜት የለውም»፣ «ክራሩ የውሸት ይመስላል»፣ «ሕይወት ይጎድለዋል»፣ «እንደ ማሽን ነው»። አምስት ጊዜ የተነገረው ልጅ አምስት ቦታ የታመመ ይመስለዋል። ሕመሙ ግን አንድ ነው፤ ያውም በግማሽ ሰዓት የሚድን። ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ ኖታ በምን ያህል ጉልበት እንደተመታ እስከ 127 በሚደርስ ቁጥር ይመዘገባል። ጆሮዬ ካልዋሸኝ ወንድምሽ ሁሉንም ጣሪያው ላይ ትቷቸዋል። ክራር የሚመታ ሰው ግን ጣቶቹ እኩል ጉልበት የላቸውም፤ አንዱ ክር ይጮኻል፣ ሌላው ያንሾካሹካል።

ልጁ ይህን ከየት እንዳመጣውም እገምታለሁ፤ ከራሱ ከጌሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጌም ቦይ፣ ቴትሪስ የገነነበት በእጅ የሚያዝ የጌም መሣሪያ፣ ድምፅ የሚያወጣባቸው መስመሮች አራት ብቻ ናቸው። ከእነሱ አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ቤዙን የሚሸከመው፣ ከዝምታ ሌላ ያለው የድምፅ መጠን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው። እዚያ ላይ እኩልነት የመሣሪያው ጠባይ ነው፤ ጆሮአችንም ለምዶ ወዶታል። ያው እኩልነት ወደ ክራር ሲሻገር ግን ክራሩን ይገድለዋል። «ስሜት የለውም» ከምትይው «ሁሉም ክር እኩል ነው የሚጮኸው» ብትይው ኖሮ ያንኑ ማታ ባስተካከለው ነበር። ይህን ለማለት ሙዚቃ መማር አያስፈልግም፤ አንድ ቀን ክራር ሲመታ ማየት ይበቃል።

ስድስተኛው «ቤዙ ጆሮ ያደነቁራል» ይላል። የት ሆነሽ ነው የሰማሽው? ሳሎን ባለው ትልቁ ስፒከር ከሆነ፣ ስፒከሩም እንደ ብዙዎቻችን ቤት የግድግዳ ጥግ ላይ ከተቀመጠ፣ ጥጉ ራሱ ቤዝ ያሳብጣል። ወንድምሽ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ነው የሚሠራው፤ አንቺ የሰማሽውን እሱ አልሰማም። አንቺ ትክክል ነሽ፣ እሱም ትክክል ነው፤ ከዚያ ሁለታችሁም ታኮርፋላችሁ። እኔ ስሰማው ቤዙና ከበሮው አንድ አልጋ ላይ ተኝተዋል፤ አንዱ ፈቀቅ ማለት አለበት። አንቺ ግን የቱ እንደሚፈቀቅ መናገር የለብሽም። «ሳሎን ስሰማው ከ30ኛው ሰከንድ በኋላ ከበሮው ጠፋብኝ» ማለት ይበቃል። ስፍራው፣ ሰከንዱ፣ የጠፋው ነገር፤ የቀረው የእሱ ሥራ ነው።

ሰባተኛውን፣ «እንደ ጌሙ አይደለም» የሚለውን፣ ሰርዢው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ያ ዜማ መጀመሪያም የጌሙ አይደለም። አሌክሲ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን ሞስኮ ላይ የፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ዜማው ግን «ኮሮቤይኒኪ» የሚባል የሩሲያ የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ቃሉም ገጣሚው ኒኮላይ ኔክራሶቭ እ.ኤ.አ. በ1861 ከጻፈው ግጥም የመጣ፣ ስለ ዟሪ ነጋዴዎች የሚያወራ። ለጌም ቦይ በአራት መስመር ያቀናበረው ጃፓናዊው ሂሮካዙ ታናካ ነው። እንግዲህ አንቺ ዋናው ያልሽውም እንደ አዲስ የተቀናበረ ነው። የሐዋሳው ልጅ በክራር ቢቀጥልበት ምን ነውር አለው? እ.ኤ.አ. በ1999 ዴቪድ ሎይድ የመሠረተው ኦቨርክሎክድ ሪሚክስ የተባለ ድረ ገጽ እንደ አዲስ የተቀናበሩ የጌም ሙዚቃዎችን በዳኞች እያስመዘነ ያወጣል። ዳኞቹ ሁለት ነገር አብረው ይፈልጋሉ፤ ምንጩ ዜማ ጎልቶ እንዲለይ፣ አቀናባሪውም የራሱን እንዲጨምርበት። ግልባጭ ካመጣህ አይቀበሉህም። ስለዚህ መጠየቅ የነበረብሽ «ዜማው ይታወቃል ወይ?» ብቻ ነው። ይታወቃል፤ በአራተኛው ሰከንድ አውቄዋለሁ።

ስምንተኛው፣ «ድንገት ያልቃል»፣ እውነት ነው። የጌም ሙዚቃ መጨረሻ የለውም፤ ተጫዋቹ እስኪሸነፍ ይሽከረከራል። አቀናባሪዎቹ መጨረሻውን ራሳቸው መፍጠር እንዳለባቸው ይዘነጋሉ። ይህኛውን በደንብ ነው ያልሽው፤ አልነካውም።

ወደ ዘጠነኛው ከመሄዴ በፊት በወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ልንገርሽ። 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ላይ ከበሮው ዝም ይልና ክራሩ ብቻውን አራት ምት ይቆያል። እዚያ ላይ ሻይዬን አስቀመጥኩ። አንቺም ሳትሰሚው አልቀረሽም፤ ግን አልጻፍሽውም። እኔ በወጣትነቴ ለአንድ የሙዚቃ መምህሬ የኪቦርድ ቅንብር ወስጄ ነበር። ስህተቴን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ፤ ሁሉንም አስተካክዬ ተመለስኩ። «መግቢያው የታለ?» አሉኝ። እሱንም ጥዬዋለሁ አልኳቸው፤ ስለ እሱ ምንም ስላላሉ መጥፎ መስሎኝ። የወደዱት እሱን ብቻ ነበር። ያ መግቢያ ዛሬ የትም የለም፤ እኔም አላስታውሰውም። ስለዚህ ያቺን 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከነሰከንዷ ንገሪው፤ «ቆንጆ ነው» ብለሽ ሳይሆን «እዚህ ላይ እጄ ቆመ» ብለሽ። አለበለዚያ ጉድለት ሲጠግን አብሮ ይጠርጋታል።

አሁን ዘጠነኛው። «ሁለተኛው ክፍል ተሳስቷል፤ ዜማው አይወጣም» ብለሻል። ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመር ብቻ ያልሽው ጆሮሽ ከወረቀቱ ሁሉ የላቀውን ነገር የሰማው እዚህ ነው። ዜማውን በላ ማይነር ብንጽፈው መጀመሪያው ሚ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ዶ፣ ሲ፣ ላ እያለ ይሄዳል። ወንድምሽ ክራሩን በትዝታ ማይነር ነው የቃኘው፤ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ። በዚህ ቅኝት ሬ የለችም፣ ሶልም የለችም። በመጀመሪያው ክፍል ሬ መንገደኛ ናት፤ ብትቀርም ብዙ አይታወቅም። ሁለተኛው ክፍል ግን የሚነሣው ከሬ ነው፤ ሬ፣ ፋ፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ። ወንድምሽ ሬን በዶ፣ ሶልን በፋ ተክቶ ዶ፣ ፋ፣ ላ፣ ፋ፣ ፋ፣ ሚ አድርጎታል። ከላይ መውረድ የነበረበት ዜማ ፋ ላይ ሁለት ጊዜ ይደናቀፋል።

መጀመሪያ ስሰማው እኔም «ተሳስቷል» ብዬ ጻፍኩ። መፍትሔም አዘጋጀሁለት፤ ሁለተኛውን ክፍል ለማሲንቆ ስጠው፣ አንድ ክር ነው፣ ጣትህ የደረሰበት ሁሉ ኖታ ነው ልለው ነበር። አራተኛ ጊዜ ስሰማው ግን አንድ ነገር ገባኝ። የእውነት ክራር ቢሆን ሬ ያልተመታችው ክር ስለሌላት ነው እንል ነበር። ይህ ግን ኮምፒውተር ነው፤ ሬ እጁ ሥር ነበረች። የጠፋችው የሚጫወትባት ስላጣ አይደለም፤ ቅኝቱን ላለማፍረስ ብሎ ትቷት ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ስህተት ሳይሆን ውሳኔ ነው፤ ውሳኔውን ላትወጂው ትችያለሽ፣ እኔም ገና አልወሰንኩም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አታንሺበት፣ ይቅርታም አታብዢ። አጠገቡ ተቀመጪና የጆሮ ማዳመጫውን ተቀበይው፤ በእሱ ጆሮ አንድ ጊዜ ስሚው። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ሲደርስ አስቁሚና «ሬን ሆን ብለህ ነው የተውካት?» በይው። «አዎ» ካለ ለምን እንደሆነ ያስረዳሽ። «ሬ ምንድን ነች?» ካለሽ ማሲንቆውን ንገሪው። የክራሩንና የቤዙን ነገር ለሌላ ቀን አቆዪው፤ ሁለተኛው ክፍል ከተቀየረ እነሱም መቀየራቸው አይቀርም።

መልሱን ጻፊልኝ። እኔ «ሆን ብዬ ነው» ይላል ባይ ነኝ።