ጥያቄና መልስ፦ ዩኒቨርሲቲ ለተመራቂው ገቢ ምን ይጨምራል?

ዛሬ ጥያቄያችሁን የሚመልሱልን ድሬዳዋ ያሉት የኢኮኖሚክስ መምህራችን ናቸው። ጠያቂዎቹ በሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል፤ ታይዋን የድሬዳዋ ገበያ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ ተመራቂዎቹ ብዙ የሚከፈላቸው ግቢ ጥሩ ግቢ ነው አይደል?

መምህር፦ አይደለም። ጎበዝ የተሰበሰበበት ግቢ ምንም ባያስተምርም ተመራቂዎቹ ደህና ይከፈላቸዋል። ሲገቡም ጎበዞች ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ በ12ኛ ክፍል ውጤቱ፣ በቤተሰቡ አቅምና በሚሠራበት ከተማ ስንት ያገኝ እንደነበር ይገመታል። ከዚያ በእውነት የሚያገኘው ይታያል። የግቢው ድርሻ ልዩነቱ ነው። የአሜሪካው ብሩኪንግስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ኮሌጆችን የለካው እንዲህ ነው። አማካይ ደመወዝ ብቻውን አያስተማምንም!

ከዚራ፦ እና ድሬዳዋ ይሻላል ሐረማያ?

መምህር፦ በምን ትምህርት? ለማን? ጥያቄህን አስተካክለህ ተመለስ።

የታይዋን ነጋዴ፦ አቦ፣ ዲግሪ ምን ያደርጋል? ወንድሜ ተመርቆ ቤት ቁጭ ብሏል። እኔ ከ10ኛ አቁሜ እሱንም የማበላው እኔ ነኝ።

የጀጎል፦ አንተማ የአባትህን ሱቅ ይዘህ ነው። ሱቅ የሌለውስ?

የታይዋን ነጋዴ፦ የምን የአባት ሱቅ! በዱቤ ጨርቅ ነው የጀመርኩት።

የጀጎል፦ ዱቤውን ማን ሰጠህ? የአባትህ ደንበኛ አይደለም?

መምህር፦ በቃ፣ ወደ ጉዳዩ። መነሻቸው የተለያየ ሁለት ሰዎች አይወዳደሩም። ግን ነጋዴው አንድ ልክ ነገር አለው፦ ተማሪው ግቢ ሳለ ያላገኘው ገቢም ወጪ ነው፣ ይቆጠር።

ሐረር ጌት፦ መነሻውን እንዴት እኩል ማድረግ ይቻላል?

መምህር፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! የአሜሪካ ተመራማሪዎቹ ስቴሲ ዴልና አላን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የተቀበሏቸውም ያልተቀበሏቸውም ኮሌጆች የሚመሳሰሉላቸውን ተማሪዎች እርስ በርስ አነጻጸሩ። አንዱ ስመ ጥሩ ኮሌጅ ገባ፣ ሌላው ዕድሉ እያለው ሌላ ጋ ሄደ። ኋላ ገቢያቸው ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ከድሃ ቤተሰብ የመጡት ግን ስመ ጥሩው ኮሌጅ ጠቅሟቸዋል። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ሰው የሚያውቅ ቤተሰብ ያለው ልጅ የትም ቢማር መንገድ አያጣም። ከገጠር የመጣው ግን ሰው የሚተዋወቀው ግቢ ውስጥ ነው።

ገንደ ቆሬ፦ በመውጫ ፈተና ብዙ ያሳለፈው ግቢስ?

መምህር፦ ያው ስህተት! ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ሁሉም የሚያወራው ስላለፈው ብዛት ነው። ሲገቡ ውጤታቸው ስንት ነበር? እሱን ሳታዩ ግቢ አታወዳድሩ።

ከዚራ፦ በደመወዝ የቱ ይበልጣል ታዲያ?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

የሳቢያን ልጅ፦ የወጪ መጋራቱ ዕዳ መቼ ነው የሚከፈለው?

መምህር፦ የተማርክበትን ሬጅስትራር ጠይቅ።

ሐረር ጌት፦ እኛ አገር መለካት ይቻላል?

መምህር፦ ይቻላል! እንግሊዞች የትምህርት መዝገብን ከግብር መዝገብ ጋር አገናኝተው ይሠሩታል። እኛም የ12ኛ ክፍል ውጤት አለን፣ የመውጫ ፈተና አለን፣ የተቀጣሪ ጡረታ መዋጮም ይመዘገባል። ስም ሳይወጣ ማገናኘት ነው። የጡረታ መዝገብ ግን በግሉ የሚነግደውን አያሳይም። እዚህ ድሬ ያንን የዘለለ መለኪያ ግማሽ ከተማ ይዘላል። ስለዚህ ተመራቂውን መጋላና ታይዋን ድረስ ሄዶ መጠየቅ ግድ ነው።