አስም ላለባችሁ፦ ከድሬና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ድሬዳዋ ውስጥ ፋርማሲስት ነኝ። ስለ አስም የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አቦ፣ ፓፍ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ሱስ ያስይዛል ይሉኛል። እውነት ነው? (ባጃጅ ነጂ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ አያስይዝም ወንድሜ። ይህ ወሬ ብዙ ሰው ጎድቷል። ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ሳልቡታሞል ብቻ ነው። እሱ የጠበበውን የአየር ቧንቧ በደቂቃዎች ውስጥ ይከፍታል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ግን ኃይሉ ያልቃል። የቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ እንዳበጠ ነው። ስለዚህ እንደገና ያፍናል፣ እንደገና ይነፋል። ሰው ሱስ የሚለው ይህንን ነው፤ በሽታው ግን ገና አልታከመም።

እብጠቱን የሚቀንሰው እንደ ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ያለው መከላከያ ነው። ደህና በሆንክበት ቀንም ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት ይወሰዳል። ውጤቱ ቶሎ አይታይም፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል። ብዙ ሰው «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ የሚጥለው ለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ከ2019 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወዲህ ለአዋቂዎች ሳልቡታሞልን ብቻውን መጠቀምን አይመክርም። ማስታገሻውን (ሳልቡታሞሉን) በሳምንት ከ2 ቀን በላይ ከፈለግክ ወይም ሳሉ ሌሊት ከቀሰቀሰህ፣ ሕክምናህ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ መከላከያው ስቴሮይድ ነው ሲሉኝ ለልጄ ፈራሁ። (እናት፣ ሳቢያን)

መልስ፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል እህቴ። ግን የሚሳበው መጠን የሚለካው በማይክሮግራም ነው። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ኪኒን ግን በሚሊግራም ነው፤ 1 ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው። በፓፍ የሚወሰደው በቀጥታ ወደ ሳንባ ስለሚገባ ትንሹ ይበቃል። የልጅን እድገት በጥቂቱ ሊያዘገይ ስለሚችል ሐኪሟ ቁመቷን ይከታተል። ያልታከመ አስም ግን ከዚያ በጣም የከፋ ነው። ከወሰደች በኋላ አፏን ተጉመጥምጣ ትትፋ፤ አለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ስነፋው ጉሮሮዬ ላይ የሚቀር ይመስለኛል። (ሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ አልተሳሳትክም፤ የብዙ ሰው መድኃኒት እዚያው ይቀራል። ነቅንቀው። እስትንፋስህን አውጣ። ቀስ ብለህ መሳብ ስትጀምር ተጫነው፣ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ያዘው። ስፔሰር (በፓፉና በአፍህ መሃል የሚገባ፣ መድኃኒቱን የሚይዝ ቱቦ) ካላገኘህ የ500 ሚሊ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ አጥበህ አድርቅ። ከታች ፓፉ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ አውጣ፣ ክፍተቱን በፕላስተር ድፈን፣ በጠርሙሱ አፍ ሳብ። ይህ በደቡብ አፍሪካ በሕፃናት ላይ ተፈትኖ ከሚሸጠው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አሳይቷል።

ጥያቄ፦ በረመዳንስ?

መልስ፦ መከላከያው በቀን ሁለቴ ከታዘዘልህ በሱሁርና በኢፍጣር ሰዓት ይወሰዳል። ቀን ካፈነህ ግን ማስታገሻውን አታዘግይ። ጾሙን ያፈርሳል አያፈርስም በሚለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ፤ ሸኽህን አስቀድመህ ጠይቅ። የታመመ ሰው በኋላ ቀዷ ማውጣት እንደሚችል ግን ታውቃለህ።

ጥያቄ፦ ለአስም ድሬ ይሻላል ወይስ ሐረር?

መልስ፦ እንደ ሰውዬው ነው። አንዱን የደቻቱ አቧራ ያስነሳበታል፣ ሌላውን የሐረር የጠዋት ብርድ። የከሰል ጭስ፣ እጣንና የሚቆላ በርበሬ በሁለቱም ከተማ አሉ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታጭሱ። ከተማ መቀየር መድኃኒት አይተካም።

ጥያቄ፦ እርጉዝ ነኝ፣ ላቁመው?

መልስ፦ አታቁሚው። አንቺ ስትታፈኚ ለልጁም ኦክስጅን ያንሰዋል። ለሐኪምሽ ንገሪ፣ ፓፉን ግን ቀጥዪ።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያለብን?

መልስ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅት፣ ከንፈር ሲጠቁር፣ የልጁ ጎድን መሃል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣ ሳልቡታሞሉ አልሠራ ሲል። በሽተኛውን ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት። ሳልቡታሞሉን በስፔሰር ከ4 እስከ 10 ጊዜ፣ አንድ በአንድ እየነፋችሁ ስጡት። ካልተሻለው በ20 ደቂቃ ልዩነት ድገሙት፤ ይህን ግን መንገድ ላይ ሆናችሁ አድርጉት። ድሬ ያላችሁ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ያላችሁ ወደ ሕይወት ፋና፣ ወይም ከዚያ ወደሚቀርባችሁ ድንገተኛ ክፍል። ሌሊት ቢሆንም ይንጋ አትበሉ።