ሬዚደንሲ ጨርሳችሁ ባሕር ዳር ለምትመጡ ፋርማሲስቶች

አሜሪካ የአንድ ዓመቱን የፋርማሲ ሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና) ጨርሳችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ዋርድ ውስጥ ልታግዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይዛችሁት ከምትመጡት ሁሉ የሚበልጠው ልማዳችሁ ነው፦ ካርዱን አገላብጦ ማየት፣ ማስላት፣ ለሐኪሙ ባጭሩ መናገር፣ በነጋታው ተመልሶ ውጤቱን ማየት። አዲስ አዲሱን መድኃኒት ማወቅ ብዙም አያስኬድም፤ መደርደሪያው ላይ ከሌለ ምን ይደረጋል?

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪንን እንውሰድ። እዚያ የለመዳችሁት አዲሱን አፒክሳባን ሰጥቶ መሸኘት ነው። በጎጃምና በጎንደር ገጠር ግን የልብ ታማሚው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሰበብ የመጣ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ የጠበበ ማይትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ያለው የልብ በር)፣ የተዛባ የልብ ምት። ለእንዲህ ያለው ሰው ዋርፋሪን የሚሰጠው ሌላ ስለጠፋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የኢንቪክተስ ጥናት ከአዲሶቹ አንዱ ከሆነው ከሪቫሮክሳባን ጋር አወዳድሮ ሞትና የልብ አደጋ በዋርፋሪኑ ወገን አንሶ አግኝቶታል። ስለዚህ «ወደ አዲሱ እንቀይርላቸው» ለማለት አትቸኩሉ።

አይኤንአር (ደም ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳይ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 ተፈልጎ 1.6 ቢመጣ፣ ዶዙን ከመንካታችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ቀን ዘለሉ? ጾም ገብቷል? በሁዳዴ 55 ቀን ጎመን ከገበታ ካልጠፋ ቫይታሚን ኬ ይበዛል፣ አይኤንአር ይወርዳል። ፋሲካ ሲውል ጎመኑ በዶሮና በሥጋ ይተካል፤ በጾሙ የተጨመረው ዶዝ ሰውየውን የሚያደማው ያኔ ነው። «ጎመን አትብሉ» ማለት ሰሚ የለውም፤ «መጠኑን አታለዋውጡ» ይሻላል። ምክንያት ካጣችሁ የሳምንቱን ጠቅላላ መጠን ከ5 እስከ 15 በመቶ ጨምሩ። በቀን 5 ሚሊግራም የሚወስድ በሳምንት 35 ይወስዳል፤ አንዱን ቀን አንድ ፍሬ ተኩል ቢያደርገው 37.5 ይሆናል፣ 7 በመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ቀኑን «እሑድ» ብላችሁ ቁረጡለት፤ እሑድን የሚረሳ የለም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። የቲቢ መድኃኒት የጨረሰውን ደግሞ አትርሱት፤ የዋርፋሪንን ኃይል የሚቀንሰው የቲቢ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ሲቆም ጉልበቱ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለቅና አይኤንአር ሽቅብ ይወጣል።

ቀጠሮውንም ቢሆን ከሰውየው ጋር ተነጋገሩ። ከደቅ ደሴት በጀልባ የሚመጣ ሰው «በሦስት ቀን ተመለስ» ቢባል አይመለስም።

ቫንኮማይሲን በተባለው አንቲባዮቲክ ላይ የ2020ው መመሪያ ከ400 እስከ 600 ያለውን ኤዩሲ (በ24 ሰዓት ውስጥ ሰውነት ለመድኃኒቱ የተጋለጠበትን ጠቅላላ መጠን) እንድታሰሉ አስተምሯችኋል። በደም ውስጥ ያለው መጠን የማይለካበት ቀን ሲያጋጥማችሁ የሚቀራችሁ ክብደት፣ ክሬያቲኒን (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምር ቆሻሻ) እና የሽንት መጠን ነው። ክብደቱን በዓይን አትገምቱ፣ ሚዛን ፈልጉ። 45 ዓመት፣ 50 ኪሎ፣ ክሬያቲኒን 1.8 የሆነ ወንድ አለ እንበል። ከ140 ላይ 45 ሲቀነስ 95፣ በ50 ተባዝቶ ለ72 እና ለ1.8 ብዜት ሲካፈል 37 ገደማ ይወጣል፤ ይህ ኩላሊቱ በደቂቃ የሚያጣራው ሚሊሊትር ነው (ለሴት በ0.85 ይባዛል)። ክሬያቲኒኑ ገና እየጨመረ ከሆነ ግን ይህ ቁጥር ያታልላል፣ የኩላሊቱ እውነተኛ አቅም ከዚያ በታች ነው። መጀመሪያ በኪሎ 25 ሚሊግራም፣ ማለትም 1250፤ ከዚያ 750 በየ24 ሰዓቱ፤ ክሬያቲኒን ቢያንስ በየሁለት ቀኑ። የመጀመሪያው ዶዝ በ250 ሚሊሊትር ተበጥብጦ ከ90 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ይግባ። ሲቸኮል ፊትና አንገት ይቀላል፣ ያሳክካል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። ይሄ በአብዛኛው የፍጥነት ጣጣ ነው፤ ሳይጣራ ካርዱ ላይ «አለርጂ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ታማሚው ሌላ ቀን መድኃኒቱን ሲፈልግ ይከለከላል።

ራውንድ (ሐኪሞች አልጋ በአልጋ ታማሚ የሚጎበኙበት) ላይ ያላችሁ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ችግሩን፣ ማስረጃውን፣ የምትጠይቁትን በቅደም ተከተል ተናገሩ፦ «ዶክተር፣ የአልጋ 12 ክሬያቲኒን ከ0.9 ወደ 1.8 ወጥቷል። ቫንኮማይሲኑን በየ12 ሰዓቱ ከመስጠት በየ24 ሰዓቱ ብናደርገውና ነገ ክሬያቲኒን ብንደግም?» በሰው ፊት «እኛ አገር ጋይድላይኑ...» ብሎ መጀመር በር ይዘጋል (ደግሞስ አገራችሁ የቱ ሆነና!)። የማያስቸኩለውን ከራውንድ በኋላ ለብቻ አንሡት። ዶዙ በትክክል መቼ እንደተሰጠ ሲስተሯን ጠይቁ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓትና የተሰጠበት ሰዓት ይለያያሉ። ለታማሚ ስትጽፉ ደግሞ በኛ ሰዓት ይሁን፦ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት።

የስኳር ታማሚ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከሆነና ጠዋት ግሊቤንክላሚድ (ስኳር የሚያወርድ ኪኒን) የሚውጥ ከሆነ፣ እኩለ ቀን ላይ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል። ቁጣ አይጠቅምም። የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ ንገሯቸው፤ ለታመመ ሰው ጾም የሚቀልበት ሥርዓት አለ። እጾማለሁ ካሉ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን ከሐኪሙ ጋር ይስተካከል።

የሙያ ፈቃድ ጉዳይ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ይለቅ። በሻንጣ መድኃኒት አታምጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የእርዳታ መመሪያ እንኳ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው እንዲሆን ይጠይቃል። ለሁለት ሳምንት ብቻ የምትመጡ ከሆነ፣ የባሕር ዳሩ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ቅርንጫፍ በመደበኛነት የማያቀርበውን መድኃኒት ለማንም አታስጀምሩ፤ የጀመራችሁትንም ከመሄዳችሁ በፊት ለዋርዱ ፋርማሲስት በዝርዝር ጽፋችሁ አስረክቡ፦ ስም፣ ዶዝ፣ የመጨረሻው አይኤንአር ወይም ክሬያቲኒን፣ ቀጣዩ ምርመራ የሚደረግበት ቀን።